አምስት ሰው ከሆናችሁ ይበቃል

ባለፈው እሑድ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ የዕድራችን ስብሰባ አልቆ ሰው ሊበተን ሲል አራት ወጣቶች ያዙኝ። ማኅበር ሊያቋቁሙ ነው። በአንድ አገር በቀል ድርጅት ሒሳብ ክፍል 16 ዓመት ስለሠራሁ ሰፈሩ ጠበቃ ያደርገኛል። አይደለሁም። ግን ኦዲተር በመጣ ቁጥር ፋይል ተሸክሜ የምሮጠው እኔ ስለነበርኩ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች የሚተዳደሩበትን አዋጅ በእግሬ ተምሬዋለሁ። አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ወንበሩን እየጎተተ ቀረበ። ቀድማችሁ ለሄዳችሁ፣ የተባለው ይኸው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ዕድራችንም በዚህ አዋጅ መመዝገብ አለበት እንዴ?

መልስ፦ የለበትም እማማ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ዕድርን፣ ዕቁብንና የሃይማኖት ተቋማትን አይመለከትም። ለጋሽ ፈልገን ወላጅ የሌላቸው ልጆች እንርዳ ካልን ግን ለዚያ ሥራ ለብቻው ድርጅት ማቋቋም ይሻላል። የቀብር ገንዘብና የለጋሽ ገንዘብ አንድ ካዝና ውስጥ ከገቡ ጣጣው አያልቅም።

ጥያቄ፦ እኛስ? ስንት ሰው ያስፈልጋል? የትስ ነው የምንሄደው?

መልስ፦ ለማኅበር ቢያንስ 5 አባላት። እናንተ አራት ናችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ስለምትሠሩ የምትመዘገቡት በፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው። ትንሽ ወረድ ብላችሁ ገላን ላይ ብቻ ብትሠሩ ኖሮ ግን ሸገር ከተማ ነው፤ ኦሮሚያ ስለሆነ ጉዳያችሁ ወደ ክልሉ ይሄድ ነበር። ታክሲ ሁለት ፌርማታ ሲሄድ ሕጉ ይቀየራል ማለት ነው።

ሌላ ነገር። ያሳያችሁኝ ማመልከቻ ላይ «እንዲፈቀድልን» ብላችሁ ጽፋችኋል። ሰርዙት። «እንድንመዘገብ» በሉ። መደራጀት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 31 ላይ የተቀመጠ መብት ነው፤ የሚፈቅድላችሁ ሰው የለም። ጥቃቅን ነገር ይመስላል፣ ግን ቢሮ ገብታችሁ ስትናገሩ ድምፃችሁ ይለወጣል።

ጥያቄ፦ ከውጭ ገንዘብ መቀበል ክልክል ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ነበር። በ2001 የወጣው አዋጅ 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት፣ በፆታ እኩልነት፣ በሕፃናትና በአካል ጉዳተኞች መብት፣ በፍትሕ ጉዳይ እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር። ልጁን ማብላት ትችላለህ፤ «የመማር መብት አለው» ብለህ መሟገት ግን አትችልም። ዋሽንግተን ያለች የአክስትህ ልጅ የምትልከውም «ከውጭ» ይቆጠር ነበር። ያኔ አገር ውስጥ መብት ላይ ለሚሠራ ድርጅት ገንዘብ የሚሰጥ ማን ነበር? ነጋዴው ይፈራል፣ ደሞዝተኛው የለውም። ኢሰመጉ፣ ማለትም የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ፣ የባንክ ሒሳቡ ታግዶበት 12 የነበሩት ቢሮዎቹ ወደ 3 ወረዱ። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ሒሳቡ ታግዶበታል። ባሏ የደበደባት ሴት በነፃ ጠበቃ የምታገኝበት ቤት ነበር እኮ።

የ2011ዱ አዋጅ ያንን ገደብ አንሥቶታል።

ጥያቄ፦ «ሰማንያ ሃያ» የሚሉትስ ምንድነው?

መልስ፦ ይቺን እኔ በደንብ አውቃታለሁ። የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ አይበልጥም ማለት ነው። በፊት «ሰባ ሠላሳ» ነበር። ታዲያ 30 ወደ 20 ሲወርድ የጠበቀ ይመስላል፤ እውነቱ ግን የላላ ነው። ምክንያቱም ድሮ መመሪያው የአሠልጣኝ ክፍያን፣ ነዳጅን፣ የመስክ አበልን ሳይቀር አስተዳደር ውስጥ ይከት ነበር። ነርሷ ሕመምተኛ ቤት ለመድረስ የምትቀዳው የሞተር ቤንዚን ደረሰኝ ከቢሮ ኪራይ ጋር አንድ ዓምድ ላይ ነው የገባው፤ እኔው ራሴ ነኝ የመዘገብኩት። ኅዳር ላይ ሠላሳው ሞላና ነርሷ እስከ ዓመቱ መጨረሻ በእግሯ ሄደች። አሁን ለፕሮጀክቱ ሥራ የዋለ ወጪ የፕሮጀክት ነው። ኪራይ፣ የኦዲት ክፍያ፣ የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝና የመሳሰለው ብቻ ነው ሃያው ውስጥ የሚገባው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ውኃ ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆነን። ሰልፍ መውጣት እንችላለን?

መልስ፦ አሁንም የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 3/1983 የሚለው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ አሳውቁ ነው። አስተዳደሩ ጊዜው ወይም ቦታው ይቀየር ሊል ይችላል እንጂ ጭራሽ አይደረግም የማለት ሥልጣን አልተሰጠውም። ወረቀቱ ላይ ይህ ነው። መሬት ላይ ደግሞ ሁሉም «ፈቃድ አላችሁ?» ነው የሚለው፤ ያለዚያ የወጣ ሲታሰር አይተናል። ስለዚህ መጀመሪያ በፊርማ አቤቱታ አስገቡ፤ በቅጂው ላይ የመዝገብ ቤት ማኅተም ሳታስመቱ አትውጡ።

ጥያቄ፦ ተመዝግበን ሥራ ጀምረን ቢያግዱንስ?

መልስ፦ ይሆናል። በኅዳር 2017 ባለሥልጣኑ የታወቁ የመብት ድርጅቶችን «ከፖለቲካ ገለልተኛ አይደሉም» በሚል አግዶ ነበር፤ ወራት ቆይቶ ነው ያነሣላቸው። ለዚህ ነው ጥሩ አዋጅ አለን ብዬ እጄን አጣጥፌ የማልቀመጠው። መንገዱ ግን አለ። የባለሥልጣኑን ዋና ዳይሬክተር ውሳኔ በ30 ቀን ውስጥ ለባለሥልጣኑ ቦርድ፣ የቦርዱን ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይቻላል። ቀኑ ካለፈባችሁ አለቀ። ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን ጻፉ።

ጥያቄ፦ አሜሪካኖቹ እርዳታ አቁመዋል። ገንዘብ ከየት እናመጣለን?

መልስ፦ በጥር 2017 ትእዛዙ ሲመጣ የቀድሞ ባልደረቦቼ ጠዋት ቢሮ ገብተው ማታ ሥራ አጥ ሆነዋል። አንድ ለጋሽ ላይ አትንጠልጠሉ። አዋጁ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ይፈቅዳል። የምታስቡት የመኪና እጥበት ጥሩ ነው። ንግድ ፈቃድ ታወጣላችሁ፣ ግብር ትከፍላላችሁ። ትርፉን ግን መከፋፈል የለም፤ ለማኅበሩ ዓላማ ብቻ ነው የሚውለው። «ለኛ ምንም?» ብሎ የሳቀው ልጅ፣ ተቀጥረህ ከሠራህ ደመወዝ ይከፈልሃል። ካልበቃህ አክሲዮን ክፈት።

በመጨረሻ እማማ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተነሡ። አባል ለመሆን ዕድሜ ይከለክላል ወይ ብለው ጠየቁኝ።

አይከለክልም አልኳቸው። ልጆቹ ቅጹን አምጥተው አምስተኛው መስመር ላይ አስፈረሟቸው።