ሳዝን እምነቴ ጎድሎ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? እናቴ ከታመመች ቆይታለች፤ የማስታምማት እኔ ነኝ። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፣ ቀን ደግሞ ሥራ አለ። ጉባኤ ስሄድ «ፊትሽ ምን ሆነ? ክርስቲያን እኮ አያዝንም፣ ደስ ይበላችሁ ተብሏል» ይሉኛል። ስለዚህ እንደ ምንም ፈገግ ብዬ እገባለሁ፤ ቤት ስመለስ አለቅሳለሁ። ማዘኔ ኃጢአት ነው? ደስታውንስ ከየት ላምጣው?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ፤ አንቺንም ያበርታሽ።

ማዘንሽ ኃጢአት አይደለም። ጌታችን በአልዓዛር ሞት አልቅሷል፤ ያውም እንደሚያስነሣው እያወቀ። በጌቴሴማኒም «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ብሎ ለደቀ መዛሙርቱ ነግሯቸዋል። ሐዘን የእምነት ጉድለት ቢሆን ኖሮ ይህን ቃል ከእርሱ አፍ ባልሰማን ነበር።

አሁን ወደ ጥቅሱ እንምጣ። «ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ፤ ደግሜ እላለሁ፥ ደስ ይበላችሁ» (ፊልጵስዩስ 4፥4)። ብዙ ሰው ይህችን አንድ መስመር ነጥሎ ይይዝና የተጨነቀውን ሰው ይገሥጽባታል። አንቺ ግን መልእክቱን ቁጭ ብለሽ ከዳር እስከ ዳር አንብቢው፤ 4 ምዕራፍ ብቻ ነው። ጳውሎስ የጻፈው ታስሮ ሳለ ነው። ምዕራፍ 2 ላይ አብሮት የሚያገለግለው አፍሮዲጡ ታምሞ ለሞት ቀርቦ እንደ ነበር ይናገራል። እግዚአብሔር ማረው ካለ በኋላ ምን ይላል? «ኀዘን በኀዘን ላይ እንዳይጨመርብኝ»። አየሽ፣ ቀድሞም ሐዘን ነበረበት ማለት ነው። ምዕራፍ 3 ላይ ደግሞ ከመንገድ ስለ ወጡ ሰዎች «እያለቀስሁ እላለሁ» ይላል። ጥቂት መስመር ወረድ ብሎ ደስ ይበላችሁ ያለው ይኸው ሰው ነው። እንባውም ደስታውም በአንድ ልብ ውስጥ ነበሩ።

የዚህ መልእክት ተቀባዮች ጳውሎስን ያውቁታል። ወደ ከተማቸው ወደ ፊልጵስዩስ በመጣ ጊዜ የሆነውን የሐዋርያት ሥራ 16 ይተርከዋል። እርሱና ሲላስ ልብሳቸው ተገፎ በበትር ተደበደቡ። ወደ ውስጠኛው ወኅኒ ተጣሉ፣ እግራቸው ከግንድ ጋር ተጠረቀ። እኩለ ሌሊት ላይ ይጸልዩና ይዘምሩ ነበር፤ ድንገትም ምድር ተናወጠች። ይህን ሁላችንም ሰምተነዋል። ብዙ ጊዜ የምናልፈው ግን አለ። የወኅኒው ጠባቂ ቁስላቸውን ያጠበላቸው ከምድር መናወጡ በኋላ ነው። ስለዚህ ሲዘምሩ ቁስላቸው ገና አልታጠበም ነበር። አልተሻላቸውም፤ ሕመሙ እያለ ነው የዘመሩት። ሲነጋ ደግሞ ሹሞቹ በስውር ሊለቋቸው ሲሉ ጳውሎስ እምቢ አለ። «ሳይፈረድብን በሕዝብ ፊት ደብድበውን በስውር ይጥሉናልን? ራሳቸው መጥተው ያውጡን» አለ። እኔ ይህን ክፍል በጣም እወደዋለሁ። ደስተኛ መሆን በደልን እንዳልተደረገ ማስመሰል አይደለም።

ታዲያ ደስታቸው በምን ላይ ቆመ? የእናትሽ ጤና ዛሬ ሻል ይላል፣ ነገ ይብሳል። ደስታሽ በዚያ ላይ ከተንጠለጠለ አብሮ ሲወጣና ሲወርድ ይኖራል። ክርስቶስ ግን ተነሥቷል፤ ይህ በአንድ ሌሊት ትኩሳት አይለወጥም። ጌታ «ደስታችሁንም የሚወስድባችሁ የለም» ያለው ደቀ መዛሙርቱ ሊያለቅሱ ባሉበት ሌሊት ነው፤ እንደሚያለቅሱም በዚያው ንግግሩ ነግሯቸዋል (ዮሐንስ 16)።

ይህ ደስታ በአንድ ጊዜ ዱብ የሚል ነገር አይደለም። ጳውሎስ ራሱ «የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁ» ነው ያለው። ትምህርት ጊዜ ይፈልጋል። አንቺም በትንሹ ጀምሪ። ስትጸልዪ መጀመሪያ የሆድሽን ንገሪው፤ አታሳምሪው። ዳዊት «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ጀምሮ በዝማሬ የጨረሰው መዝሙር አለ፤ በ6 ቁጥር ብቻ ከዚያ ወደዚህ ይደርሳል። ከዚያ አንድ ነገር ለይተሽ አመስግኚ። «ስለ ሁሉም ተመስገን» ማለት ጥሩ ነው፣ ግን ልብ ሳይነካ ቶሎ ያልፋል። «ዛሬ እናቴ ስሜን ጠርታ ስላነጋገረችኝ ተመስገን» በዪ። መዘመር ሲያቅትሽ ደግሞ ሌሎች ሲዘምሩ መሃላቸው ተቀመጪ፤ ያም ይበቃል።

ስለ እንቅልፍሽ የጻፍሽው አሳስቦኛል። ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ «ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ» ሲል እግዚአብሔር አልገሠጸውም። ተኛ። መልአኩ ቀሰቀሰውና የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አሳየው። በላ፣ ጠጣ፣ ደግሞ ተኛ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲቀሰቅሰው «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» አለው። «ኤልያስ ሆይ፥ በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው የእግዚአብሔር ጥያቄ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አንዳንዴ ደስታ የራቀን የመሰለን ሰውነት ስለ ዛለ ነው። ሐዘኑ ለሳምንታት ሳይለቅሽ ከቆየ፣ ምግብ ካስጠላሽ ወይም ሞትን ከተመኘሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ሐኪም ጋ መሄድ ጸሎትን መተው አይደለም። የጳውሎስ የቅርብ ሰው ሉቃስ ባለ መድኃኒት ነበር።

«ክርስቲያን አያዝንም» ለሚሉሽ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ አንድ ቃል ልበል፣ ይህን ካነበቡት። «ከሚያለቅሱም ጋር አልቅሱ» የሚለውም ትእዛዝ ነው፤ ልክ እንደ ደስ ይበላችሁ። መጽሐፈ ምሳሌ ላዘነ ልብ መዘመርን በብርድ ቀን ልብስ ከማውለቅ ጋር ያመሳስለዋል። እህታችሁ ፈገግታ ለብሳ እንድትመጣ አታስገድዷት፤ ቤቷ ሂዱና ጠይቋት።

አንቺም ጉባኤ ስትሄጂ ባለሽበት ፊት ሂጂ። ከመካከላቸው የምታምኛትን አንዷን ጥሪና «እናቴን አንድ ሌሊት ጠብቂልኝ፣ እኔ ልተኛ» በያት።