አድራሻው ጫፍ ላይ ያሉትን ሁለት ፊደላት እንዳትንቂያቸው

ለገና ከዲሲ ካናዳ፣ ካልጋሪ ያለችው እህቴ ጋ ልሄድ ነው፣ ከጃኬት ሌላ ምን ልያዝ፣ ከኤርፖርት እንዴት ልድረስ ብለሽ ለጠየቅሽው እህት። እኔም አምና በዛው ሰሞን ለወንድሜ ልጅ ክርስትና ሄጄ ስለነበር የደረሰብኝን ልንገርሽ። ስለ ጃኬት ሌሎቹ ብለውሻል አልደግመውም።

1. ሲትዝን ካልሆንሽ ግሪን ካርድ ብቻ ይዘሽ እንዳትወጪ፣ ቀኑ ያላለፈ የኢትዮጵያ ፓስፖርትሽንም ይጠይቁሻል። የኔ ሊያልቅ ሁለት ወር ነበር የቀረው፣ ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

2. መኪና የምትከራዪ ከሆነ ክሬዲት ካርድ በራስሽ ስም ያዢ። እኔ በዴቢት ኦንላይን ስይዝ ማንም ምንም አላለኝም፣ እዛ ስደርስ ካውንተር ላይ ያለችው ልጅ ካርዴን በሁለት ጣቷ ገፋ አድርጋ መለሰችልኝና "ቀጣይ!" አለች። ይቅርታ እንኳን የለም፣ ከኋላዬ የቆመው ሰውዬ ነው ያፈረልኝ። ባቡሩ ኤርፖርት አይደርስም፣ 300 ቁጥር አውቶብስ ግን ዳውንታውን ያወርድሻል፣ እኔ ንዴቴ ሳይበርድልኝ ታክሲ ውስጥ ገባሁ፣ እዚህ ጋ ነው ጉዱ የጀመረው።

3. ካልጋሪ እንደ ዲሲ አራት ቦታ የተከፈለች ናት፣ ኤንደብልዩ (ሰሜን ምዕራብ)፣ ኤንኢ (ሰሜን ምሥራቅ)፣ ኤስደብልዩ (ደቡብ ምዕራብ)፣ ኤስኢ (ደቡብ ምሥራቅ)፣ አድራሻው ጫፍ ላይ ያሉት ሁለት ፊደላት እነዚህ ናቸው። ያው ስም ያለው መንገድ ሁለት ቦታ ይገኛል። አሁን ስቂብኝ፣ እኔ ዲሲ 9 ዓመት ታክሲ የነዳሁ ሰው ነኝ! ቱሪስት ሁሉ ኤስኢና ኤንደብልዩ ሲያምታታ እየተቆጣሁ ሳስተምር የኖርኩ ሰውዬ፣ ለሹፌሩ የቤት ቁጥሩንና "17 አቬኑ" ብዬ ጨረስኩ። እሱም ፑንጃቢ ነው፣ የሙያ ወንድሜ፣ ስለ ኡበር አብረን ስናማርር መንገዱን ማን አየው። ኤስደብልዩ አወረደኝ፣ መጠጥ ቤት በመጠጥ ቤት የሆነው፣ የሆኪ ጨዋታ ሲኖር ቀይ ለባሽ ደጋፊ የሚያጥለቀልቀው ሰፈር። የወንድሜ ቤት ኤስኢ ነው፣ ኢንተርናሽናል አቬኑ የሚሉት፣ የሀበሻውም የቬትናሙም ምግብ ቤት ያለበት።

ታክሲው ሄደ። ወንድሜ ጠዋት "27 ነው፣ ደህና አድርገህ ልበስ" ብሎ ቴክስት አድርጎልኝ ነበር፣ እኔ የኛ 27 ፋራናይት መስሎኝ ኮቴን ሻንጣ ውስጥ ከትቼዋለሁ፣ ለካ ማይነስ 27 ሴልሺየስ ነው! ስተነፍስ የአፍንጫዬ ፀጉር ተጣበቀ፣ የሻንጣውን ዚፕ በጣቴ መያዝ አቃተኝ። ስልኬ 40 ፐርሰንት እያለው ድርግም አለ፣ ብርዱ ባትሪ ይገድላል። አንድ ፒዛ ቤት ሻንጣዬን እየጎተትኩ ገብቼ ስልኩን ብብቴ ስር ሳሞቅ አሳላፊዋ ሳልጠይቃት ሻይ አመጣችልኝ፣ እግዜር ይስጣት። ከዛ ሌላ ታክሲ፣ ሌላ ሂሳብ። ስደርስ ወጡ ቀዝቅዟል፣ ወንድሜ ደግሞ እስካሁን እንግዳ በመጣ ቁጥር "የዲሲው ሹፌር" እያለ ያወራኛል። በማግስቱ ማክስ ፐርፕል የሚባል አውቶብስ አሳየኝ፣ ከዳውንታውን ተነስቶ 17 አቬኑ ኤስኢን ይዞ ይሄዳል፣ ያን ሁሉ ብር ባልከሰከስኩ።

4. መኪናዎቹ አፍንጫ ላይ የኤሌክትሪክ ገመድ ተንጠልጥሎ ስታዪ ሁሉም ኤሌክትሪክ መኪና ነው እንዴ ብለሽ እንዳትጠይቂ፣ ሞተሩ ሌሊት እንዳይቀዘቅዝ የሚሰካ ነው። ጠይቄ ተስቆብኛል። ዳውንታውን ውስጥ ደግሞ ከህንፃ ህንፃ የሚያሻግር ፕላስ 15 የሚሉት ድልድይ አለ፣ ውጪ ሳትወጪ ኪሎሜትሮች ትሄጃለሽ፣ ሲመሽ ግን ይዘጋል። ሺኑክ የሚባል ሞቃት ንፋስ ከተራራው ከወረደ በሰዓታት ውስጥ በረዶው ጭቃ ይሆናል፣ እኔ በሦስተኛው ቀን ክርስትናው ላይ በሹራብ ብቻ ነው የቆምኩት፣ የወንድሜ ሚስት ግን ራሷን አሟት ዋለች፣ ሺኑክ ሲመጣ ሁሌ ያማታል። ባንፍ የምትባለው የተራራ ከተማ ደግሞ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው፣ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይንዳልሽ።

ስትመለሺ የአሜሪካ ኢሚግሬሽን እዛው ካልጋሪ ኤርፖርት ውስጥ ነው የምትጨርሺው፣ ሰልፉ አይጣል ነው፣ ሦስት ሰዓት ቀደም ብለሽ ሂጂ። ለመሆኑ እህትሽ ያለችው ኤንኢ ነው ኤስኢ?