ባለ ስድስት አባል ወይስ ባለ ስድስት አባላት?

ጥያቄ፦ የምኖረው ካርዲፍ ነው። ለኮሚኒቲያችን ሰዎች ስለ ዌልስ ፓርላማ ምርጫ አንድ ገጽ ማብራሪያ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። በአዲሱ አሠራር እያንዳንዱ የምርጫ ክልል ስድስት ተወካይ ይልካል። «ባለ ስድስት አባል የምርጫ ክልል» ልበል ወይስ «ባለ ስድስት አባላት»? አንድ ወዳጄ ከቁጥር በኋላ ብዙ ቁጥር ግዴታ ነው ብሎ ድርቅ አለብኝ።

መልስ፦ «ባለ ስድስት አባል» ይበሉ። ወዳጅዎ ተሳስቷል፤ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም።

«ባለ» ከግዕዙ «በዓል» የመጣ ነው። ባለቤት፣ ጌታ ማለት ነው። «በዓለ ቤት» ባለቤት፣ «በዓለ ጸጋ» ባለጸጋ ሆነ፤ ዐይኑ «ዐ» በመንገድ ላይ ቀለጠ። የከነዓናውያን ጣዖት የነበረው የበኣል ስምም ይኸው ቃል ነው። ይህ «ባለ» ቁጥር ሲያስከትል ስሙን በነጠላ ይወስዳል። ባለ ሁለት ፎቅ ቤት፣ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ፣ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል እንላለን። «ባለ አምስት ኮከቦች ሆቴል» ሲባል ሰምተው ያውቃሉ?

ኮከብ ግዑዝ ነው፣ ሰው ግን ብዙ ቁጥር ይፈልጋል የሚሉ አሉ። «የሁለት ልጆች እናት» የሚለውንም ማስረጃ ያደርጉታል። እዚያ ላይ ያለው ግን «የ» እንጂ «ባለ» አይደለም። ደግሞስ «አሥር ሰው መጣ» የማይል አማርኛ ተናጋሪ ማን ነው?

እንዲያውም ዌልሾቹ ራሳቸው ከእኛ ጋር ናቸው። በቋንቋቸው ከቁጥር በኋላ ስም በነጠላ ነው የሚመጣው። አባል «አይሎድ» ነው፣ አባላት «አይሎዳይ»። ስድስት አባል ሲሉ ግን «ኽዌ አይሎድ» ይላሉ። የበለጠ የገረመኝ ሌላ ነው። «አይሎድ» የሰውነት ክፍልም ማለት ነው፣ እጅ፣ እግር። የእኛ «አባል»ም በግዕዝ መጀመሪያው እሱ ነው፤ «አባለ ዘር» ስንል እስከ ዛሬ አለ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። አባል የአንድ አካል ክፍል ከሆነ፣ እነዚህ ስድስት ሰዎች የማን አባል ናቸው? የፓርላማው፣ የሴኔዝ ናቸው። (ብዙዎች «ሴኔድ» ብለው ይጽፋሉ፤ ድምፁ ግን ለእኛ «ዝ» ይቀርባል።) የምርጫ ክልሉ አባል የለውም፣ ተወካይ ነው ያለው። እኔ ብሆን «ባለ ስድስት ተወካይ» እል ነበር። «ባለ ብዙ አባል የምርጫ ክልል» ግን ከገባ ቆይቷል፣ «ባለ ብዙ አባላት»ም ይጻፋል። ልመልሰው አልችልም፤ አልወደውም ግን።

«ክልል»ን ብቻውን አያስቀምጡት። ሥሩ «ከለለ» ነው፣ ዙሪያውን አጠረ፤ «አክሊል»ም ከዚያው ነው። ለእኛ አንባቢ ግን «ዌልስ 16 ክልሎች አሏት» ቢሉት ወዲያው የክልል መንግሥት ነው የሚታየው። ሁልጊዜ «የምርጫ» ይቅደም። እኔ «የምርጫ ወረዳ» ይሻላል ብዬ ስከራከር ኖሬያለሁ። የምርጫ ሕጋችን «የምርጫ ክልል» ካለ ግን ተሸንፌያለሁ።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ዛሬ በኢትዮጵያ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከአንድ የምርጫ ክልል አንድ ተወካይ ነው የምንልከው። በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን እያንዳንዱ የምርጫ ክልል ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ሁለት ሁለት እንደራሴ ነበረው።

አሁን ወደ ገጽዎ። ቁጥሩ ቀላል ነው። ለዌስትሚንስተር፣ ማለትም ለንደን ላለው የብሪታንያ ፓርላማ፣ ተወካይ የሚልኩት 32 የዌልስ የምርጫ ክልሎች ሁለት ሁለት እየተጣመሩ 16 ሆኑ። ስድስት ሲባዛ 96 ወንበር ይመጣል፣ በፊት 60 ነበር። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። መራጩ ወረቀቱ ላይ የሚያደርገው አንድ ምልክት ነው፤ ለአንድ ፓርቲ ወይም ለአንድ የግል ዕጩ። «ባለ ስድስት» የሚለውን ያነበበ እናት ግን ስድስት ሰው ምረጡ የተባለች ሊመስላት ይችላል። ስድስት ቦታ ምልክት ካደረገች ድምፅዋ ባከነ ማለት ነው። ዕድሜያቸው 16 የሞላ፣ በሕጋዊ መንገድ የሚኖሩ የውጭ ዜጎችም መምረጥ ስለሚችሉ ገጽዎን የሚያነቡት መራጮች ናቸው።

ስለዚህ «ባለ»ን ትተው በግሥ ይግለጹት («ካይርዲዝ» የካርዲፍ የዌልስኛ ስሟ ነው)፦ «ካይርዲዝ ፔናርት ስድስት ተወካዮች የሚመረጡበት የምርጫ ክልል ነው። እርስዎ ምልክት የሚያደርጉት አንድ ቦታ ብቻ ነው።» «ባለ» ሲወጣ ብዙ ቁጥሩ ተመልሶ መጣ፤ ወዳጅዎ ትክክል የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ከማተምዎ በፊት ግን «ረ»ዋን ደግመው ይዩልኝ። ግዕዟ «ረ» ሳድስ «ር» ሆና «የሚመርጡበት» ከተባለ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል መራጮቹ ስድስት ሰዎች ብቻ ይሆናሉ።