የተሸመነ ብር ሲበየድ ለምን ይደፈናል?

እህቴ፣ «እንደ ጨርቅ የሚተጣጠፍ አምባር ከብር ሽቦ ሸመንኩ፤ ጠርዙን ስበይደው ግን ድርቅ ብሎ ቀረ። ብር ሉህ ላይ ያተምኩት የዳንቴል ቅርጽም ተደራረበብኝ» ላልሽው።

1. ሽመናሽ ምንም አልሆነም፣ ያጠፋው እሳቱ ነው። የቀለጠ መበየጃ ጠባብ ክፍተት ካገኘ፣ ኩራዝ ክር ውስጥ እንደሚሳብ ጋዝ ይሰርጋል። ድርና ማግ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ጠባብ ክፍተት ነው። አንዴ ከገባ የሚያወጣው የለም። «መበየጃውን ቀነስ አድርጊ» የሚሉሽን አትስሚ፤ ብዙ ብር ያስጣለ ምክር ነው። ቅደም ተከተሉን ገልብጪው፦ ክፈፉንና መቆለፊያውን መጀመሪያ በይደሽ፣ በአሲድ አጽድተሽ፣ አለስልሰሽ ጨርሺ። ሽመናው መጨረሻ ላይ ይገባና የክፈፉ ከንፈር በላዩ ይታጠፍበታል። ከንፈሩ ካልያዘው በሪቬት (ጫፉ ተቀጥቅጦ በሚይዝ ትንሽ ምስማር) ምቺው። አሜሪካዊቷ አርሊን ፊሽ በሹራብና በኪሮሽ የሠራቻቸውን ጌጦች ተመልከቺ፤ ቀለም የተቀባ የመዳብ ሽቦ የገባበት ሥራ እሳት ከነካው ቀለሙ ይቃጠላል፣ ስለዚህ በቀዝቃዛው ከመያያዝ ሌላ ምርጫ የለውም።

2. ሽቦው 999 (ከሺህ 999 እጁ ብር የሆነ) ንጹሕ ብር ይሁን። 925 በሚባለው ቅይጥ ውስጥ ያለው 7.5 በመቶ መዳብ ሲሞቅ ያጠቁረዋል፣ ሲታጠፍም ቶሎ ያደርቀዋል። ለድር 0.5፣ ለማግ 0.3 ሚሊ ሜትር በቂ ነው፤ ሁለቱ እኩል ከሆኑ ማጉ ድሩን እየጎተተ ጠርዙን ያጠብበዋል። ማጉን ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ አትቁረጪው፣ ሲረዝም ይቋጠራል፤ የተቋጠረውን ብታቃኚውም የሚበጠሰው እዚያው ላይ ነው። በክብ የምትሸምኚ ከሆነ የድሩ ቁጥር ጎዶሎ ይሁን፣ አለዚያ ማጉ በሁለተኛው ዙር ያንኑ መንገድ ይደግመዋል።

3. ዳንቴሉ የተደራረበው ሁለቴ ስላሳለፍሽው ነው። በመዳመጫው፣ ማለትም ሉህን በሁለት ሮለሮች መካከል በሚጨምቀው ማሽን፣ አንዴ ብቻ ነው የሚያልፈው፤ ብሩ በመጀመሪያው ተስቦ ስለረዘመ ሁለተኛው ህትመት ከፊተኛው ጋር አይገጥምም። ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ሉህ አግለሽ አለስልሺ፣ በአሲድ አጽጂ፣ አድርቂ። እርጥበት ከቀረ ሮለሩ ይዝጋል። የጥጥ ዳንቴሉን በብሩና በመዳብ ሉህ መካከል አድርገሽ ጠበቅ አድርገሽ አሳልፊ። የሮለሮቹን ክፍተት በቁርጥራጭ ሞክሪው እንጂ በዋናው አይደለም። የብረት ወንፊት ለመሞከር እንዳታስቢ፣ ሮለሩን ይጭረዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያልፍ ሉህ ሁሉ ያን ጭረት ይዞ ይወጣል።

ክብ አበባ በሚዳመጥበት አቅጣጫ ሞላላ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ቅርጹን ከህትመት በኋላ ቁረጪ። የታተመውን ፊት ብርጭቆ ወረቀት አታስነኪው፣ የክሩ አሻራ ከፀጉር የማይወፍር ጥልቀት ነው ያለው። ማጎንበስ ካስፈለገ የእንጨት መዶሻ ተጠቀሚ፣ መበየጃም ከጀርባ ብቻ። ማጥቆሪያ ቀብተሽ ከላይ ከላዩ ብትወለውዪው ክሩ ጎልቶ ይወጣል።