ስለ ቤት የነፋስ ተርባይንና ስለ ታወሩ ጠይቁኝ

ባለፈው ሰሞን «ግቢያችን ውስጥ የነፋስ ተርባይን ልናቆም ነው፣ ስለ ታወሩ ምን ትላለህ?» የሚል ጥያቄ ከሦስት ሰው መጣብኝ። ሦስቱም የመሀል አዲስ አበባ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሁላችሁም በአንድ ላይ ጠይቁኝ አልኩ።

እኔ የብረት ሥራ ሰው ነኝ። ለብዙ ዓመት የአንቴና ታወር ሳቆም ኖሬያለሁ። የነፋስ ተርባይን ግን ሁለት ብቻ ነው ያቆምኩት። አንዱ አራት ኪሎ ነበር፣ አልሆነም። ሁለተኛው ደብረ ብርሃን አጠገብ ዘመድ ግቢ ውስጥ ነው፣ እስካሁን ይዞራል። የምመልሰው ከሁለቱም ተምሬ ነው።

ከካዛንቺስ፦ ጋሼ፣ መብራት ሲጠፋ ሰለቸን። ቤታችን ባለ ሦስት ፎቅ ነው። ጣሪያው ላይ አጭር ቱቦ ተክለን ተርባይኑን ብናስቀምጠውስ? ታወር ለምን ያስፈልጋል?

የራሴን ልንገርህ። አራት ኪሎ የነበረውን ያቆምኩት ሰርቪስ ቤቱ ላይ ነው፣ በ6 ሜትር ቱቦ። ቱቦ ሲሸጥ ርዝመቱ 6 ሜትር ነው፣ ላለመቁረጥ ብዬ እንዳለ ተከልኩት። የምህንድስና ስሌቴ ይኸው ነበር! መጀመሪያ ሳምንት ሰፈሩ በሙሉ ሊያይ መጣ። በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤታችን አንዲት እናት «ልጄ፣ ሌሊት ሌሊት ግድግዳዬ ያጉረመርማል» አሉኝ። ሄጄ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ሳደርግ እውነታቸውን ነው። የተርባይኑ ንዝረት በቱቦው ወርዶ ብሎኬቱ ውስጥ ገብቷል። ቤቱ እንደ ክራር ሳጥን ሆኖ ድምፁን ያጎላዋል።

የባሰው ግን መብራቱ ነው። ክንፉ ሲዞር ይታያል፣ ባትሪው ግን አይሞላም። ነፋስ ከሕንፃ ጋር ሲጋጭ፣ ወንዝ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ እንደሚያደርገው ይሽከረከራል። ያ ሽክርክሪት ወደ ላይ እስከ ሕንፃው ቁመት ሁለት እጥፍ ይደርሳል። ከሕንፃው ኋላ ደግሞ እስከ 20 እጥፍ ርቀት ሊዘልቅ ይችላል። እዚያ ውስጥ የገባ ተርባይን ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር ግራ ይገባዋል። ጭራው ሲወራጭ ይውላል፣ ክንፉ ይደክማል፣ ኃይል ግን የለም። ታወር የሚያስፈልገው ከዚህ ሽክርክሪት በላይ ለመውጣት ነው።

ከፒያሳ፦ ታዲያ ስንት ሜትር ይበቃል?

ሙያተኛው የሚጠቀምበት ልክ አለ። በ150 ሜትር ዙሪያ ካለው ነገር ሁሉ፣ ሕንፃም ይሁን ባሕር ዛፍ፣ የክንፉ የታችኛው ጫፍ ቢያንስ በ10 ሜትር መብለጥ አለበት። አሁን በረንዳህ ላይ ወጥተህ ዙሪያህን እይ። ባለ አራት ፎቅ ካለ ወደ 14 ሜትር ነው፣ ታወርህ 25 ሜትር ገደማ ሊሆን ነው። ባለ 15 ፎቅ ካለ ሐሳቡን ተወው። ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት አጠገብ ያለህ ከሆነማ፣ እሱ ከ200 ሜትር በላይ ነው።

ከስድስት ኪሎ፦ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት። ነፋሷ ጥሩ መሆን የለበትም እንዴ?

ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ቀጭን ነው፣ ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ያህል ይቀላል። ካርቶኑ ላይ «1,000 ዋት» ተብሎ የተጻፈው ለባሕር ወለል አየር ነው፣ እሱም ኃይለኛ ነፋስ ሲኖር። እዚህ በዚያው ነፋስ ወደ 750 ብትጠብቅ ይሻላል።

ዋናው ነገር ግን ፍጥነቱ ነው። ነፋስ በእጥፍ ሲፈጥን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ከላይ እስከ ታች 2.5 ሜትር ክብ የሚያዞር ተርባይን ውሰድ። በአማካይ በሰከንድ 3 ሜትር የሚነፍስበት ቦታ ላይ በቀን ከ1 ኪሎዋት ሰዓት በታች ነው የሚሰጥህ። 5 ሜትር የሚነፍስበት ቦታ ላይ ግን ወደ 3 ይደርሳል። ዕቃው ያው ነው፣ ቦታው ነው የተለየው። መንግሥት አዳማ ላይ 136 ተርባይን ተክሎ 204 ሜጋዋት የመሥራት አቅም ያቆመው ያለ ምክንያት አይደለም። እዚያ የስምጥ ሸለቆው አፋፍ ነፋሱን ይሰበስበዋል። መሀል ከተማ ውስጥ ፎቁ ይበታትነዋል።

በጋ ላይ፣ በተለይ አቧራው ሲነሳ፣ «ነፋስ አለ» ትላለህ። ክረምት ሲገባ ግን ይተኛል። ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት የነፋስ መለኪያ በምታስበው ከፍታ ላይ ስቀልና ቢያንስ ሁለቱንም ወቅት አይተህ ወስን። መለኪያው ከተርባይኑ በጣም ይረክሳል።

ከአምባሳደር አካባቢ፦ ጋሼ፣ ግቢያችን 200 ካሬ ነው። በገመድ የሚወጠረውን ቀጭኑን ታወር ነው የማስበው፣ ርካሽ ነው ስለተባልኩ።

እህቴ፣ ርካሽነቱ እውነት ነው። ቱቦው ቀጭን ቢሆንም የሚይዘው ገመዱ ነው። ግን ገመዱ ቦታ ይበላል። የገመዱ መልህቅ፣ ማለት መሬት ውስጥ የሚታሰርበት፣ ከታወሩ ሥር የሚርቀው የቁመቱን ግማሽ አልፎ፣ ብዙ ጊዜ 60 በመቶ ገደማ ነው። 18 ሜትር ታወር ብትይ 11 ሜትር በአራቱም አቅጣጫ፣ ማለት ከዳር እስከ ዳር 22 ሜትር ነው። የአንቺ ግቢ 10 በ20 ቢሆን በጎን በኩል ገመዱ ጎረቤት ግቢ ውስጥ ሊገባ ነው። በድሮዎቹ ሰፋፊ ቪላዎች ይቻል ነበር። በዛሬው ግቢ ግን ብዙ ጊዜ ሐሳቡ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፣ ከገንዘቡ በፊት።

ገመድ የሌለው ባለ እግር ታወር ቦታ አይወስድም፣ ግን ዋጋው መሬት ውስጥ ነው የሚቀበረው። ያው 2.5 ሜትሩ ተርባይን በሰከንድ 12 ሜትር ነፋስ ሲነፍስ ጫፉ ላይ ወደ 30 ኪሎ ግፊት ያሳርፋል። ትንሽ ይመስላል። በ18 ሜትር ክንድ ሲባዛ ግን ሥሩ ላይ፣ 1 ሜትር ርዝመት ባለው ብረት ጫፍ 540 ኪሎ እንደ ማንጠልጠል ነው። ተርባይኑ ራሱን ከነፋሱ ካላዞረ፣ ነፋሱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ስትራክቸራል መሐንዲስ ይቁጠርልሽ። እኔ በያጅ ነኝ፣ ይህን አልቆጥርም።

ከአብነት፦ ምናለሽ ተራ ያገለገለ ቱቦ አለ። ይሆናል?

ይሆናል፣ ግን በዓይን አትግዛ። ካሊፐር ይዘህ ሂድ፣ የብረቱን ውፍረት በሁለቱም ጫፍ ለካ። የውሃ ቱቦ ከነበረ ውስጡን በባትሪ እይ። ዝገት የሚበላው ከውስጥ ነው። ለበር የሚሸጠውን ስስ አርኤችኤስ (ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ) ደግሞ ጭራሽ እንዳታስበው።

ሁለት ቱቦ ስትቀጥል ጫፍ ለጫፍ በይዳችሁ አትተዉ። ውስጡ ግማሽ ሜትር ያህል የሚገባ ቱቦ አድርጉና በቡሎን እሰሩት። የቡሎኑ ራስ ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ቁጥር ይኑር። ጋልቫናይዝድ ከሆነ ከመበየድ በፊት ዚንኩን በሞላ አስወግዱ፣ ጭሱ ሰው ያሳምማል። የተበየደውን ቦታ በዚንክ ቀለም ሸፍኑት። ተራ አንቲረስት ሁለት ክረምት አይቆይም።

ገመዱ ላይ አንድ ነገር። በየጫፉ የታጠፈውን ገመድ አንድ ላይ የሚያጣብቅ ሦስት ክላምፕ ይሁን። የክላምፑ ዩ ቅርጽ ያለው ክፍል በተቆረጠው አጭር ጫፍ በኩል ይረፍ፣ ጭነት በሚሸከመው ላይ ሳይሆን። ዩው ገመዱን ይጎዳዋል። ስንት ልምድ ያለው ሰው ገልብጦ ሲያስር አይቻለሁ።

ከቦሌ፦ አፈሩስ? የእኛ ሰፈር ጥቁር ነው።

ጥቁሩ መረሬ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ጥልቀት የሌለው መሠረት አብሮት ይወጣል ይወርዳል፣ ገመዱ አንዴ ይላላል አንዴ ይከርራል። ሙልጭ አድርጋችሁ ወደ ጠንካራው አፈር ቆፍሩ። መልህቁ ትልቅ ኮንክሪት ይሁን፣ 1 ሜትር ኩብ ወደ 2.4 ቶን ይመዝናል። ብዙ ሰው ገመዱን ከአጥር ጋር ማሰር ያምረዋል። አጥር አጥር ነው፣ ወደ ጎን ሲጎተት አይችልም። ኮንክሪቱ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው በ28 ቀን ነው፣ ውሃ እያጠጣችሁ ጠብቁት። ሰው ሁሉ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው።

ከሜክሲኮ፦ ክሬን ሰፈራችን አይገባም። በሰው ኃይል እንዴት ነው የሚቆመው?

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ሥሩ ላይ ማጠፊያ ያለው፣ ተኝቶ ተገጣጥሞ የሚነሳ ታወር ሥሩ። ደብረ ብርሃን ያቆምነው እንደዚህ ነው። በኋላም ተርባይኑ ቅባት ሲፈልግ መልሳችሁ ታስተኙታላችሁ።

አሠራሩ ይህ ነው። ታወሩ መሬት ላይ ይተኛል። ከሥሩ ጋር ቀጥ ብሎ የሚቆም አጭር ምሰሶ ይታሰራል፣ ርዝመቱ የታወሩ ሲሶ ያህል። ገመድ ከታወሩ ወደ አጭሩ ምሰሶ ጫፍ፣ ከዚያ ወደ ዊንቹ፣ ማለት ገመድ እየጠቀለለ ወደሚጎትተው መሣሪያ፣ ይሄዳል። ዊንቹ ሲጎትት አጭሩ ይተኛል፣ ረጅሙ ይነሳል።

ሰው የሚሳሳተው በጉልበቱ ስሌት ነው። 18 ሜትር ባለ 4 ኢንች ቱቦ 220 ኪሎ ገደማ ነው፣ ጫፉ ላይ 50 ኪሎ ተርባይን ጨምር። ድምሩ 270 ነው ብለህ የ500 ኪሎ ዊንች ትገዛለህ። ግን አጭሩ ምሰሶ 6 ሜትር፣ ዊንቹ ከሥሩ 9 ሜትር ርቆ ከሆነ፣ ታወሩ ከመሬት በሚላቀቅበት ቅጽበት ገመዱ ላይ የሚያርፈው 570 ኪሎ አካባቢ ነው። የተኛ ነገር ለማንሳት የመጀመሪያው ጊዜ ነው የሚከብደው። ስለዚህ ከ2 ቶን ያላነሰ ዊንች፣ ገመዱም ከዚያ የጠነከረ ይሁን።

የጎን ገመዶቹ ከሥሩ ማጠፊያ ጋር በአንድ መስመር ላይ ይታሰሩ። ያን ጊዜ ታወሩ ሲነሳ ርዝመታቸው አይለወጥም፣ ወደ ጎን እንዳይወድቅ ይይዙታል። መጀመሪያ ተርባይኑን ሳታስሩ አንዴ አንሱት፣ አውርዱት፣ ገመዱን ሁሉ እዩ። መጨረሻ ላይ ቀጥ ሊል ሲል ደግሞ በራሱ ወደ ፊት ሊወድቅ ይፈልጋል። የኋላው ገመድ ቀድሞ ታስሮ ልኩ ላይ ካልያዘው ያልፋል። ልጆችንና ተመልካቹን ከታወሩ ቁመት ርቀት ውጭ አቁሙ። ቡና እያፈሉ የሚያዩ ጎረቤቶች ይኖራሉ፣ እነሱንም ጭምር። ነፋስ ስለሌለ በማለዳ ጀምሩ።

ከለገሃር፦ ተርባይኑ ቢበላሽ ወጥቼ ማስተካከል እችላለሁ?

የሚዞር ክንፍ አጠገብ አትውጣ። አስተኛው።

ከአራት ኪሎ፦ ሐምሌ ላይ ያለው መብረቅ አያስፈራዎትም?

ያስፈራኛል። በሰፈሩ ረጅሙን ብረት ያቆምሁት እኔ ነኝ ማለት ነው። የታወሩንም ሥር የየገመዱንም መልህቅ በወፍራም መዳብ ሽቦ መሬት ውስጥ ከተተከለ ዘንግ ጋር አገናኝተው እርስ በርስ ያስተሳስሩ። ከኢንቨርተሩ፣ ማለት የባትሪውን ኃይል ለቤት መብራት ከሚቀይረው ዕቃ፣ ፊት ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚይዝ መከላከያ ያስገቡ። ሽቦውን ከዓይን ሰውረው ይቅበሩ፣ መዳብ በዚህ ከተማ ቶሎ እግር ያወጣል።

ከካዛንቺስ፦ ፈቃድ ያስፈልጋል?

ወረዳህን ወይም ክፍለ ከተማህን የግንባታ ፈቃድ ክፍል ሳትጠይቅ አትቆፍር። ቦሌ አየር ማረፊያ ቅርብ ነው፣ ሲቪል አቪዬሽንንም ጠይቅ። በዓለም አቀፉ ደንብ በትልቅ አየር ማረፊያ ዙሪያ እስከ 4 ኪሎ ሜትር ድረስ ከ45 ሜትር በላይ መውጣት የተገደበ ነው፣ በመነሻና በማረፊያ መስመሩ ሥር ደግሞ ከዚያ ዝቅ ይላል። መንገድ ዳር ያለውን የ15 ሺህ ቮልት መስመርም ለካ። ታወሩ በሙሉ ቁመቱ ቢወድቅ መስመሩን የማይነካበት ቦታ ላይ ነው የሚቆመው። ሲነሳም ሲተኛም ጭምር።

ከፒያሳ፦ ትርፉን ወደ ቆጣሪው ብመልሰው?

ያለ ፈቃድ እንዳትሞክረው። መብራት ጠፍቶ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ በአንተ ተርባይን ሊሞት ይችላል። በባትሪና በኢንቨርተር ተጠቀም፣ የቤትህን መስመር ከመንገዱ የሚለይ ቼንጅ ኦቨር አስገባ።

ከስድስት ኪሎ፦ በቀጥታ ንገሩን፣ እርስዎ ዛሬ መሀል ከተማ ያቆሙ ነበር?

አላቆምም። በዚያው ገንዘብ ጣሪያዬ ላይ ፀሐይ ፓነል አደርጋለሁ። አዲስ አበባ ላይ 1 ኪሎዋት ፓነል በአማካይ በቀን ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል፣ ክረምት ቢቀንስም። ታወር የለ፣ መልህቅ የለ፣ የሚያጉረመርም ግድግዳ የለ። ሰንዳፋ ወይም ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ሜዳ ያለው ሰው ከጠየቀኝ ግን መልሴ ይለወጣል። ለእሱ ከተርባይኑ በፊት የታወሩን ገንዘብ ለብቻ አስቀምጥ እለዋለሁ። ብዙ ጊዜ ከተርባይኑ የሚበልጠው እሱ ነው።

ከአምባሳደር አካባቢ፦ የአራት ኪሎው ቱቦ የት ደረሰ?

ግማሹ የልብስ ማስጫ ሆኗል። ግማሹን ምናለሽ ተራ ሸጥኩት።