ሙጫና ወረቀት ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ዘንድሮ በንግድ ቁጥጥር ሥራ ለተቀጠራችሁት ነው የምጽፈው። እኔ በዚሁ ሥራ ጅማ ላይ አርጅቼ ጡረታ ወጥቻለሁ።

በ2003 መንግሥት ለስኳር፣ ለዘይትና ለሌሎች ሸቀጦች የዋጋ ጣሪያ ሲያወጣ፣ እዚያው ጅማ መርካቶ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሱቅ አሸግሁ። ባለቤቷ ስኳሩን ከጣሪያው ጥቂት አስበልጣ ሸጣለች። ሙጫ ቀብቼ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት በቁልፉ ላይ ስለጥፍ፣ «ጋሼ፣ ውስጥ የቀረውን ዳቦ ላውጣ?» አለችኝ። ከለከልኋት። አከፋፋዩ በስንት እንደሸጠላት፣ ደረሰኝ ይስጣት አይስጣት አልጠየቅሁም። ደረሰኝ እንደከለከላት የሰማሁት ዳቦው ከሻገተ በኋላ ነው። በሪፖርቴ ላይ ግን «አንድ ሱቅ ታሽጓል» የሚለው ጥሩ ሆኖ ይነበብ ነበር።

ያኔ የምንሠራበት የንግድ አሠራርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 685/2002 ነበር፤ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ተተካ። በጥንቃቄ አንብቡት። ነጋዴ በራሱ ሒሳብ አስወድዶ መሸጡና ተፎካካሪዎች ተቀምጠው በዋጋ መስማማታቸው አንድ አይደለም። ሁለተኛውን ጥፋት ሱቅ በማሸግ አታገኙትም።

ይህን ለማየት እሸት ቡና የሚገዛበት ቦታ ሄዳችሁ ተመልከቱ። ገበሬው ቀዩን ፍሬ ለቅሞ አመሻሽ ላይ ይደርሳል። ፍሬው በጆንያ ካደረ ይሞቃል፣ ይቦካል፣ ጥራቱ ይወርዳል። ገዢው ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ አይቸኩልም። አምስት ገዢዎች አንድ ዋጋ ቢጠሩ ግን ወዲያው ተመሳጠሩ አትበሉ። የአዲስ አበባን ዋጋ ሁሉም በስልክ እኩል ይሰማሉ። የአዲስ አበባው ዋጋ ጨምሮ የእነርሱ ካልተነቃነቀ፣ ሃምሳ ሳንቲም የጨመረው ሰው በማግሥቱ ከሚዛኑ ከጠፋ፣ ወይም አንዱ ገዢ «የእኔ ቀበሌ አይደለህም» ብሎ ገበሬ ከመለሰ፣ ያኔ ማስታወሻችሁን አውጡ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተጠራውን ዋጋ ጻፉ። በአንድ ሐሙስ የሚያልቅ ሥራ አይደለም፤ አለቃችሁም ሱቅ ያሸገውን ባልደረባችሁን አስቀድሞ ያመሰግናል።

ስለ ሸማቹ ብዙ አልልም። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ማስታወቂያ የማያውቅ የለም። አዋጁ ግን ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ከቀድሞ ቢሮዬ ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ያንን ማስታወቂያ ለጥፎ ነበር፤ በየቀኑ እያየሁት ገብቼ እወጣ ነበር። ባለፈው ሐሙስ በዚያ ሳልፍ አሁንም አለ። እንዳይቀደድ ፕላስቲክ አልብሰውታል።