ዶሮዋን አላርድም ካልኩ ወዲህ ልጄ ታመመ፤ ልመለስ ወይ?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለመምህር። የምጽፍልዎ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ነው፤ አራሽ ነኝ። በቤታችን ከአያቶቼ ጀምሮ ለውቃቢ ግብር ይገባል። መስከረም ሲጠባ ገብስማ ዶሮ ይታረዳል፣ ቡና ይፈላል፣ ጨሌው ይወጣል። አባቴ ካረፈ ወዲህ የበኩር ልጅ ነህና ተብዬ የማርደው እኔ ነበርኩ። አምና ከባለቤቴ ጋር ንስሐ ገብተን ቆረብን። የንስሐ አባታችን ይህን ነገር ተዉ አሉን፣ ተውን። ዘንድሮ ዶሮ አልታረደም። ብዙም ሳይቆይ አንዱ በሬዬ ሞተ። አሁን ደግሞ ትንሹን ልጄን ትኩሳት ያዘው፤ ለቀቀው ስንል ይመለስበታል። እናቴ «ውቃቢው ተቆጥቶ ነው፣ ልጁን ልታስገድለው ነው» እያለች ታለቅሳለች። አንገቱ ላይም ክታብ አስራለታለች። «አንተ አትረድ፣ ብሩን ብቻ ስጠኝ» ነው የምትለኝ። ብሰጣት ኃጢአቱ የእኔ ነው? እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቻለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ልጁን። ደብዳቤህ እንደደረሰኝ ደውዬ ነግሬሃለሁ፣ እዚህ የምደግመው ለሌሎች ወላጆች ስል ነው። በእናንተ አካባቢ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባ ይበረታል። እየለቀቀ የሚመለስ ትኩሳት ደግሞ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት በወባ ነው። ከጣቱ በምትወሰድ ጠብታ ደም ይታወቃል፣ ጤና ኬላም ይመረምራሉ። ልጅ ትኩሳት ከያዘው በ24 ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት፤ በሕፃን ላይ ወባ ጊዜ አይሰጥም። ጠበሉንም አትተው። ጠበልና መድኃኒት የሚጣሉ የሚመስለው ሰው ካለ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን ያንብብ፤ ሐኪሙንም የፈጠረው፣ መድኃኒቱንም ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር ነው ይላል።

አሁን ወደ ፍርሃትህ። ፈርቻለሁ በማለትህ አልፈርድብህም። በሬ የሞተበት ገበሬ፣ ልጅ የታመመበት አባት ካልፈራ ማን ይፈራል? ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። አባትህ ያረፉት መቼ ነው? ግብሩ በየዓመቱ እየገባ፣ ዶሮዋም እየታረደች አይደለም? በእነዚያ ዓመታት በቤታችሁ በሬ አልሞተም? ልጅ አልታመመም? ቁጭ በልና ከእናትህ ጋር አስቡት። ያኔ ሰው ሲሞት «ግብሩ አነሰ፣ ዶሮዋ ቀለሟ አልገጠመም» ይባል ነበር። ውቃቢ እንዲህ ነው፤ ብትሰጠውም ይቆጣል፣ ባትሰጠውም ይቆጣል። ስትገብርለት የኖርከው ስለጠበቀህ ሳይሆን ስለምትፈራው ነው።

እስራኤል ከግብፅ ወጥተው በረሃ ላይ ሲቸገሩ ምን ትዝ አላቸው? ዘኍልቍ 11 ላይ አለልህ፤ ዓሣው፣ ዱባው፣ ቀይ ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ። ጭቃ ሲረግጡና ጡብ ሲቆጥሩ የወረደባቸውን ጅራፍ የሚያነሣ አልነበረም፣ ወንድ ልጆቻቸው ወንዝ መጣላቸውንም ረስተዋል። ችግር ሲመጣ ልብ የድሮውን እንዲህ አሳምሮ ያሳያል። ወደኋላ የሚመለስ ሰው ብዙ ጊዜ ክርስቶስን ጠልቶ አይደለም የሚመለሰው፤ «ለዛሬ ብቻ፣ ልጁ እስኪድን» ብሎ ነው። ለዚህ ነው ጥያቄህን ቀላል ነገር አድርጌ ያላየሁት።

ስለ ብሩ። አዎ፣ ከሰጠሃት እጅህ አለበት። ዶሮ ማረድ ኃጢአት ሆኖ አይደለም፣ ለፋሲካም እናርዳለን። ጥያቄው ለማን ነው የሚለው ነው። ቅዱስ ጳውሎስ 1ኛ ቆሮንቶስ 10 ላይ «የጌታን ጽዋና የአጋንንትን ጽዋ ልትጠጡ አትችሉም» ይላል፤ ይህን የጻፈው እንዳንተ ለቆረቡ ሰዎች ነው። እዚያው ምዕራፍ ላይ፣ ገበያ የተሸጠውን ሥጋ ሳትመራመሩ ብሉ፣ ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው ከተባላችሁ ግን አትብሉ ይላል። እናትህ ለምን እንደሆነ በግልጽ ነግራሃለች። ስለዚህ አላወቅኩም ማለት አትችልም። ለቡና፣ ለጨው፣ ለቀሚስ ከጠየቀችህ ግን ከበፊቱ አብልጠህ ስጣት፣ ልጄ ቆረበና ጨከነብኝ እንዳትል።

ከሁሉ የሚከብደው እሷው ናት። እባክህን ጨሌዋን አንሥተህ አትወርውር፣ ጎረቤት ፊትም አትቆጣት። አንዳንድ ወጣቶች ይህን ድፍረት ብለው ሲያወሩት እሰማለሁ፣ እኔ ግን ድፍረት አልለውም። እሷ የምታለቅሰው ለልጅ ልጇ ነው። ከጤና ኬላ ስትመለሱ ምን እንደተገኘ ቁጭ ብለህ ንገራት፣ መድኃኒቱን በእጇ እንድትሰጠው አድርግ፣ ማታ አጎበሩን እሷ ትዘርጋለት። የሚያጽናናትም ይኸው ነው። ቀጥሎ የንስሐ አባታችሁን ቤት ጥራቸው። ጸበል ጸዲቅ አዘጋጅታችሁ፣ ዳዊት ተደግሞ፣ እሷም በረከት ትቀበል። ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ቀን ባዶውን ሲቀር ነው የሚጨንቃት፤ በምትኩ ጸሎት ይግባበት።

አንተ አራሽ ነህና ጌታ በሉቃስ 9፥62 ዕርፍ ይዞ ወደ ኋላ ስለሚመለከት ሰው የተናገረውን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ዓይንህ ወደ ኋላ በዞረባት ቅጽበት ትልሙ ይጣመማል፣ ማረሻው ዘሎም የበሬውን ኮቴ ሊወጋ ይችላል። የተጠራኸው አንድ ቀን ቆርበህ እንድትጨርስ አይደለም፤ መስከረም በመጣ ቁጥር ያንኑ ዕርፍ እንድትይዝ ነው። ብቻህንም አትያዘው። ባለቤትህ አብራህ ቆርባለች፣ ግን በደብዳቤህ ውስጥ ምን እንዳለች አንድም ቦታ አልነገርከኝም። ጠይቃት። ምናልባት እሷም ፈርታ ዝም ብላ ይሆናል፤ ማታ ማታ አብራችሁ ጸልዩ።

ክታቡን በተመለከተ፣ እናትህ እያየች በጥሰህ አትጣለው። ካህኑ ሲመጡ እሳቸው ይዩት፣ ምን እንደተጻፈበት ለእሷም ይንገሯት፤ የሚወልቅ ከሆነ በእሳቸው እጅ ይውለቅ። አንተ ግን ከዚያ በፊት፣ ከባለቤትህ ጋር ሆነህ፣ ብሩን ለመስጠት እንዳሰብክ ሁሉ ለንስሐ አባትህ ንገራቸው።